ሙዚቃው ከጨዋታው ጋር እንዲሄድ

ጥያቄ፦ ጅማ የምኖር የኪቦርድ ተጫዋች ነኝ። ጓደኛዬ ለሚሠራው የቪዲዮ ጨዋታ ያዘጋጀሁት የትዝታ ዜማ፣ ጠላት ብቅ ባለ ቁጥር በድንገት ተቆርጦ ወደ ውጊያው ሙዚቃ ስለሚዘል ጆሮ ይረብሻል። ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ ሁለቱን እንደ ተለያዩ ሙዚቃዎች ከመሥራት ይልቅ፣ በአንድ ፍጥነትና በእኩል ርዝመት የተቀረጹ ንብርብሮች ቢያደርጓቸው ይመረጣል። ክራሩ፣ ከበሮውና ባሱ ከመጀመሪያው አንሥቶ አብረው ይጫወታሉ፤ ከበሮውና ባሱ ግን ድምፃቸው ተዘግቶ ይቆይና አደጋው ሲቃረብ በየተራ ከፍ እንዲል ፕሮግራሙ ያዝዛል። ኤፍሞድና ዋይዝ የተባሉት ሶፍትዌሮች የተሠሩት ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ነው።

የተለየ ዜማ የግድ ካስፈለገ፣ ሽግግሩ የምቱን ዙር ማብቂያ ይጠብቅ። በደቂቃ 120 ምት በሚሄድ ሙዚቃ አንድ የአራት ምት ዙር 2 ሰከንድ ብቻ ስለሚወስድ መዘግየቱ እምብዛም አይሰማም፤ አራት ዙር ማስጠበቅ ግን 8 ሰከንድ ነውና፣ ጠላቱ ከሞተ በኋላ የሚደርስ የውጊያ ሙዚቃ ማንንም አያስደነግጥም።

ቅኝቱንም ይጠቀሙበት፤ መነሻ ድምፁን ሳይለቁ ከትዝታ ሜጀር ወደ ትዝታ ማይነር ቢሻገሩ፣ የሚለወጡት ሁለት ድምፆች ብቻ ስለሆኑ ስሜቱ ይጠቁራል እንጂ ዜማው አይበጠስም።