ዓባይ በረሃን በሞተር፦ እርጥብ ጥጥ፣ ዝግ ጃኬት፣ ማለዳ

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ባጭሩ ይህ ነው፦ ከማርቆስ ተነስተህ በ125 ሞተር ጎሐ ጽዮን ድረስ ዕቃ ታመላልሳለህ፤ ከመጋቢት ወዲህ በረሃው ውስጥ ራስህን ያዞርሃል፣ ዳገቱ ላይ ደግሞ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፤ ጃኬቱን አውልቀህ በካኒቴራ ብትነዳ ይሻል እንደሆነ ጠየቅህ።

አይሻልም። እንዲያውም የሚያዞርህን ነገር ያባብሰዋል። የሰው ቆዳ ሙቀት 35 ዲግሪ አካባቢ ነው። የሚነፍስብህ አየር ከዚያ በታች ሲሆን ነፋሱ ሙቀት ይወስድልሃል፤ ከዚያ ሲያልፍ ግን ያው ነፋስ ሙቀት ያመጣብሃል። ከደጀን አፋፍ እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው የምትወርደው፤ በየ1,000 ሜትሩ ደግሞ አየሩ ከ6 እስከ 10 ዲግሪ ይጨምራል። ደጀን ላይ 25 ዲግሪ ሆኖ ደስ ያለህ አየር ታች 35ን አልፎ ይጠብቅሃል፣ አስፋልቱና ገደሉ የሚተፉት ግለት ሳይቆጠር። በዚያ ላይ ባዶ ክንድ ላይ ላብ ሳይታይ ስለሚደርቅ «አላላበኝም» ብለህ ውሃ ትረሳለህ። ብትወድቅ በካኒቴራ መሆን ምን እንደሚያስከትል አንተም ታውቀዋለህ።

ስለዚህ ጃኬቱ ይኑር፣ ከስሩ ያለው ልብስ ግን እርጥብ ይሁን። አንድ ሊትር ውሃ ሲተን 580 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ በበጋ የቆላው አየር ደረቅ ስለሆነ ውሃው ፈጥኖ ይተናል። ይህን ሥራ ሁሉ ለላብህ ብቻ አትተውለት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ደጀን ላይ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ቁም። ንጹሕ ጥጥ የሆነ እጅጌው ረጅም ካኒቴራ፣ ናይለን ያልተቀላቀለበት፣ ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ እስኪጠጣ ንከረው። አንድ ጊዜ ጭመቀው፤ መንጠባጠቡን ካላቆመ ውሃው ወደ ሱሪህ ወርዶ ጭንህን ይልጠዋል። ልበሰውና ጃኬቱን ደርብ። ዚፑን ከአንገትህ በታች አራት ጣት ያህል ክፈት፣ የእጅጌውን ጫፍም ላላ አድርግ፤ ነፋሱ በእጅጌ ገብቶ ደረትህን ዳብሶ በአንገት ይወጣል። ጃኬቱን ሙሉ በሙሉ ከከፈትከው ግን ልብሱ በጥቂት ደቂቃ ክው ብሎ ይደርቃል። በዚህ አኳኋን ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ያቆይሃል። ደረትህ ላይ ያለው ቅዝቃዜ ሲጠፋ ቆመህ ድጋሚ አርጥብ። «ትንሽ ልቆይና ድልድዩን ስሻገር» ማለት ነው የሚያሳስተው።

አንገት ሌላው ዋና ቦታ ነው። ያረጀ ነጠላ ቀደህ፣ አርጥበህ፣ አንድ ዙር ጠምጥምና ጫፎቹን ጃኬቱ ውስጥ ቅበራቸው። አትቋጥረው። የተቋጠረ ጨርቅ ጫፉ አምልጦ የኋላ ጎማ ወይም ካቴና ቢይዘው አንገትህን ይዞ ይሄዳል፤ ያልተቋጠረ ግን ተፈትቶ ይወድቃል። ሻርፕና ጋቢ እያውለበለቡ የሚነዱ ልጆች ስታይ ይህን ንገራቸው።

ሄልሜቱ ነጭ ወይም ነጣ ያለ ቢሆን ይመረጣል፤ ከስሩ የራሰ ስስ የጥጥ ቆብ አድርግ። መስታወቱን ደጋ ላይ ከፍተህ መንዳት ትችላለህ፤ ታች ግን አየሩ ፊትህን እንደ ምጣድ እንፋሎት ሲመታህ ዝጋው፣ አንድ ጣት ብቻ ክፍት ይሁን። ዓይንና ከንፈር ቶሎ የሚደርቁት ተከፍቶ ሲነዳ ነው። ሄልሜትን ክንድ ላይ አንጠልጥሎ መሄድ ምንም አያቀዘቅዝም።

ስትመለስ ደጀን ከመድረስህ በፊት የምትቀይረው ደረቅ ልብስ በፌስታል ጠቅልለህ መያዝህን እንዳትረሳ። በረሃው ውስጥ ያዳነህ እርጥብ ካኒቴራ አፋፉ ላይ፣ በተለይ ወደ ማታ፣ በደጋው ነፋስ ያንቀጠቅጥሃል፤ የደነዘዘ ጣት ደግሞ ፍሬን በወቅቱ አይዝም። የላይኛዎቹን ጠመዝማዛዎች ስትጨርስ ቆመህ ቀይር።

አሁን ወደ ሰዓቱ። ከማርቆስ 12 ሰዓት ላይ ከተነሳህ ደጀን 70 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ 1 ሰዓት ተኩል አካባቢ ትደርሳለህ፤ 2 ሰዓት ላይ መውረድ ጀምረህ 3 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ጎሐ ጽዮን ትወጣለህ። ከደጀን ጎሐ ጽዮን ያለው 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከቡሬ ወደ ነቀምት ወይም ከቻግኒ ወደ ግልገል በለስ ለሚወርድም ስሌቱ ያው ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በመልሱ ነው፦ «ፀሐይዋ ዘንበል ብላለች» ብሎ 9 ሰዓት ላይ ይወርዳል። አየሩ የሚጋለው ልክ በዚያ ሰዓት ነው፤ ድንጋዩም ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ሙቀት እስከ 11 ሰዓት ድረስ ይመልሳል። ወይ ሳይረፍድ ተመለስ፣ ወይ እዚያው እደር።

ውሃን በሁለት ዕቃ ያዝ፦ ለመጠጥ 3 ሊትር በሃይላንድ፣ ለልብስ 2 ሊትር በትንሽ ጀሪካን። በረሃው ውስጥ በየ15 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ጠጣ፤ ሲጠማህ አይደለም፣ ሰዓት አይተህ። ከአንድ ሰዓት በላይ የምትቆይ ከሆነ ውሃ ብቻውን አይበቃም፣ በላብ የወጣው ጨው መመለስ አለበት። አንድ ፓኬት ኦአርኤስ በ1 ሊትር፤ ከሌለ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ለጥ ብሎ የተሞላ እንጂ የተቆለለ አይሁን። በሶ በጨው በጥብጦ መያዝም ጥሩ የመንገድ ስንቅ ነው፣ እህሉንም ውሃውንም ጨውንም አንድ ላይ ይሰጥሃል። ጠላና ቢራ ለዚያ መንገድ አይሆኑም። ሽንትህ እንደ ጠጅ ከጠቆረ ውሃ አንሶሃል ማለት ነው።

ስለ ጾሙ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ዐቢይ ጾም የሚውለው በዚሁ የሙቀት ወቅት ነው፣ 9 ሰዓት እስኪደርስ ውሃ ሳይቀምሱ በረሃውን የሚሻገሩም ብዙ ናቸው። ጿሚ ከሆንክ ከዋዜማው ማታ ጀምሮ እስክትተኛ ድረስ አንድ ሊትር ተኩል ያህል ከፋፍለህ ጠጣ፣ ልብስ ማርጠቡን በእጥፍ አድርገው፣ ጠዋት ወርደህ ጠዋት ጨርስ። የዘወትር ሥራህ ይህ መንገድ ከሆነ ግን ለንስሐ አባትህ ሥራህን አስረዳና ምክር ጠይቅ። ራሱን ስቶ ሞተር ላይ የወደቀ ሰው ከፊቱ የሚመጣውንም ይጎዳል።

ወደ ሞተሩ ልምጣ። ያንተ ሞተር ራዲያተር የለውም፤ የሚያቀዘቅዘው የመንገዱ ነፋስና ዘይቱ ብቻ ነው። ዳገት ላይ ዕቃ ጭነህ በዝግታ ስትወጣ ነፋሱ ይጠፋል። መጀመሪያ ዘይቱን ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ እይ፤ ወደ 1 ሊትር ብቻ በሚይዝ ሞተር ሩብ ሊትር መጉደል ትልቅ ጉድለት ነው። ሲሊንደሩ ላይ እንደ መጽሐፍ ገጽ በተደረደሩት ክንፎች መካከል የክረምቱ ጭቃ ደርቆ እንዳልቀረ እይ፣ በጥርስ ብሩሽና በውሃ አጽዳው፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው። ማርቆስ ላይ «ቤንዚን ትቆጥባለህ» ተብሎ ካርቡራቶር ውስጥ ቤንዚን የምታሳልፈው ባለቀዳዳ ቁራጭ በትንሽ ከተቀየረች፣ ወይም ቅልቅሉ ከተሳሳ፣ ደጋ ላይ አየሩ ቀጭን ስለሆነ ችግሩ አይታይም። ዓባይ ግርጌ አየሩ ወፍራም ነው፤ ያው ቤንዚን ለዚያ አየር ያንሳል፣ ሞተሩም ይግላል፣ ዳገት ላይ ካንኳኳ ምልክቱ ይህ ነው። ካንዴላውን ፍታና ተመልከት፦ ጫፉ ቡናማ ከሆነ ደህና፣ እንደ አመድ ከነጣ ቤንዚኑ አንሷል። እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህንን ነው።

ዳገቱን 3ኛ ማርሽ እያቃሰተ ከሚወጣ በ2ኛ ይውጣ። ፍሪሲዮንን በግማሽ ይዞ መውጣት ሸራውን ያቃጥለዋል። ጉልበት ካጣ ከመንገድ ዳር ጥላ ፈልግ፣ አጥፋው፣ 20 ደቂቃ ተወው። ውሃ አትድፋበት፤ የጋለ ሲሊንደር በድንገት ሲቀዘቅዝ ሊሰነጠቅ ይችላል። ስትወርድ ደግሞ በምትወጣበት ማርሽ ውረድ፣ ማርሽ አውጥተህ በፎሌ አትልቀቀው። የኋላው ፍሬን ብቻውን ሲሠራ ይግልና መያዝ ይተዋል፤ ሲለሰልስ ከተሰማህ ቁም።

ጎማውን ጠዋት ሳትነሳ፣ ቀዝቅዞ እያለ ለካው። ታች ሲግል ንፋስ አታስወጣ፣ የከባቢው አየር ግፊትም እዚያ ስለሚጨምር አብዛኛው ይጣጣማል፤ ያስወጣህ እንደሆነ ደጀን ስትመለስ ጎድሎ ታገኘዋለህ። ቤንዚኑንም እስከ አፉ አትሙላ፣ ሲሞቅ ያብጣልና ሁለት ጣት ቦታ ተውለት።

የማዞሩ ነገር ግን ከሁሉ ይበልጣል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የእግር ቁርጠት፣ ቀዝቃዛ ላብ ሲመጣ ሰው «ምች መታኝ» ብሎ ዳማከሴ አሽቶ መንገዱን ይቀጥላል። ዳማከሴውን አልቃወምም፤ ነገር ግን የሰውነትን ሙቀት አያወርድም። እዚያው ቁም፣ ጥላ ግባ፣ ጃኬት አውልቅ፣ ልብስህን አርጥብ፣ ኦአርኤሱን ቀስ እያልክ ጠጣ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አትንዳ። አንድ ሰው ንግግሩ ከተምታታ፣ ከተንገዳገደና ሰውነቱ እንደ እሳት ከጋለ ግን ይህ ለሕይወት የሚያሰጋ ነው። መላ አካሉን ውሃ አፍስሱበት፣ በነጠላ አራግቡለት፣ አንገቱ፣ ብብቱና ብሽሽቱ ላይ እርጥብ ጨርቅ አድርጉ። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አትስጡት። ሞተር ላይ አታፈናጥጡት፤ ወደ ደጀን ወይም ወደ ጎሐ ጽዮን የሚወጣ መኪና አስቁማችሁ ወደ ጤና ተቋም አድርሱት፣ መንገድ ላይም ውሃውንና ማራገቡን አታቋርጡ።