ስለ መጠጥ፣ ጫትና መድሀኒት የምትፈሩትን ጠይቁኝ

ሰላም ጎንደሬዎች። እዚሁ ከተማ የአእምሮ ህክምና ተመላላሽ ክፍል ነርስ ነኝ፣ ጾም ሲቃረብ ስለ መጠጥና ጫት የሚጠይቀኝ ሰው ስለሚበዛ ዛሬ ማታ የቻልኩትን ልመልስ፣ ስም አትጥቀሱ።

ጥያቄ፦ ጉዳት ቅነሳ ጉዳት ቅነሳ ትላለህ፣ ጠጡ ማለትህ አይደል ወይ?

መልስ፦ አይደለም ወንድሜ። ጉዳት ቅነሳ ማለት ሰውየው ማቆም እስኪችል ድረስ መጠጡ ወይም ጫቱ የሚያደርስበትን ጉዳት ማሳነስ ነው። ማቆም የቻለ ያቁም፣ እኔም የምመኘው እሱን ነው። ዛሬ ማቆም ያቃተውን ሰውስ ምን እናርገው? ድሮ በሰራሁበት አንድ ቦታ አረቄ የሚሸት ታካሚ ሲመጣ "ሳትጠጣ ና" ብለን እንመልስ ነበር፣ እኔም በአፌ ብያለሁ፣ አንዱ ልጅ እንደዛ ተመልሶ ሄደና ለወራት ጠፋ፣ ቆይቶ ሲመጣ ወንድሞቹ በገመድ አስረው ነው ያመጡት። እስካሁን ከአይኔ አይጠፋም። ደም ብዛት ያለበት ሰው ጨው የበዛበት ወጥ በላህ ተብሎ ኪኒኑን ይከለከላል እንዴ? ሀሳቡ አዲስ አይደለም፣ በ1980ዎቹ ኤችአይቪ በመርፌ ሲዛመት ሆላንድና እንግሊዝ ውስጥ ንጹህ መርፌ ማደል ጀመሩ። እኛ ጋ በብዛት የምናየው አረቄና ጫት ስለሆነ ስራውም ሌላ ነው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በየቀኑ አረቄ ይጠጣል፣ ጠዋት ካልቀመሰ እጁ ይንቀጠቀጣል። ለፍልሰታ በአንዴ አቆማለሁ ብሎ ለንስሀ አባቱ ቃል ገብቷል። ደስ ብሎኛል ግን ፈርቻለሁ።

መልስ፦ እታለም መፍራትሽ ልክ ነው፣ ይሄን ሁላችሁም አንብቡት። ጠዋት ካልቀመሰ የሚንቀጠቀጥ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ በአንዴ ማቆም የለበትም። አንጎሉ አልኮሉን ለምዶታል፣ ድንገት ሲቀርበት ይረበሻል፣ ከመጨረሻው መለኪያ 6 ሰአት ገደማ ጀምሮ ላብ፣ መንቀጥቀጥና ማቅለሽለሽ ይመጣል፣ እስከ 48 ሰአት ባለው ጊዜ እንደሚጥል በሽታ አርጎ ሊጥለው ይችላል፣ ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ደግሞ መቃዠት፣ የሌለ ነገር ማየት፣ ትኩሳት ሊከተል ይችላል፣ ይሄኛው ካልታከመ ይገላል። ቤተሰብ ግን ሰይጣን ያዘው ብሎ ያስረዋል። ስለዚ ነሐሴ 1 ሳይደርስ ሀኪም ጋ ውሰጂው። ዲያዜፓም የሚባል ማረጋጊያ መድሀኒት በመጠኑ ይሰጠውና በየቀኑ እየተቀነሰ ያበቃል፣ ቫይታሚን ቢ1ም ይሰጠዋል፣ ብዙ አመት የጠጣ ሰው እሱ ሲጎድለው አረማመዱም ትውስታውም ይበላሻል። እስከዛ በራሱ ድንገት አያቁም፣ አይጨምር፣ በባዶ ሆዱ አይጠጣ፣ ጠጥቶ መኪና አይንካ። ንስሀ አባቱንም አስረዷቸው፣ እሺ ይላሉ፣ ራሳቸው ታካሚ ይዘው የሚመጡ ንስሀ አባቶች አሉ።

ጥያቄ፦ እሺ በጠላ ቢተካውስ?

መልስ፦ ጠላ ከአረቄ በጣም ይቀላል፣ ግን ጣሳው ሲደጋገም ድምሩ ያው ነው። በቀን ስንት እንደሚጠጣ ጻፊና ለሀኪሙ አሳዪው።

ጥያቄ፦ 24 አመቴ ነው፣ ድምጽ ይሰማኝ ስለነበር ሪስፔሪዶን እወስዳለሁ። ጫት የምቅም ቀን ኪኒኑን እተወዋለሁ፣ አብሮ ይመርዛል ብለውኛል። ለዶክተሩ አልነገርኩትም።

መልስ፦ ኪኒኑን አትዝለል ወንድምአለም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን ኬሚካል ይጨምራል፣ ያንተ መድሀኒት ደግሞ ዶፓሚኑ እንዳይሰራ ይይዘዋል፣ ስለዚ ቅመህ ኪኒኑን ስትተው በሁለት በኩል ድምጹን ጠራኸው ማለት ነው። ላንተ የሚሻለው ጭራሽ መተው ነው፣ እስከዛ ግን የምትቅምበትን ቀን ቀንስ፣ በልተህ ጀምር፣ ማታ እንድትተኛ በጊዜ ጨርስ፣ ብዙ ጊዜ በሽታውን የሚመልሰው እንቅልፍ ማጣቱ ነው። ጨብሲም ይቅር፣ ምርቃና ልስበር እያሉ መጠጥ የለመዱ ስንቶቹን አይቻለሁ። ስታቆም ዱካክ ይመጣብሃል፣ አትደንግጥ፣ እየቆየ ይለቃል። ለዶክተሩ ደግሞ ንገረው እባክህ፣ ካልነገርከው መድሀኒቱ አልሰራም ብሎ መጠኑን ሊጨምርብህ ነው፣ ሲከፋህ የሚያየው ኪኒኑን እንጂ ጫቱን አይደለማ።

ጥያቄ፦ ትራማዶል፣ የህመም ማስታገሻው፣ ከቢራ ጋር?

መልስ፦ በፍጹም። ሁለቱም ትንፋሽ ያዳክማሉ፣ ትራማዶል ብዙ ሲወሰድ ለብቻውም አንፈራግጦ ይጥላል። የወሰደ ጓደኛችሁ እያንኮራፋ አልነቃ ካለ ይተኛበት ብላችሁ እንዳትሄዱ፣ በጎኑ አስተኝታችሁ ወዲያው ሀኪም ቤት።

ጥያቄ፦ ጠበል ስገባ መድሀኒቱን ልተው?

መልስ፦ አትተዉ፣ ሁለቱም አብሮ ይሄዳል። በባዶ ሆድ ነው ከተባላችሁ ኪኒኑ ወደ ማታ ይዞር እንደሆነ ሀኪሙን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ልጄ ሶስት ጊዜ ታክሞ ሶስት ጊዜ ተመለሰበት። እኔም ደከመኝ።

መልስ፦ እማማ፣ ቢደክምዎትም አይፈረድብዎትም። ግን በመሀል ያልጠጣባቸውን ወራት ይቁጠሩለት፣ ያኔ ይበላ ነበር፣ ይተኛ ነበር፣ ከእርስዎ ጋር ያወራ ነበር አይደል? ለምን እንደተመለሰበት ደግሞ አብረን እናያለን፣ ጓደኛ ይሁን ስራ ማጣት ይሁን ድባቴ፣ ድባቴው ሳይታከም መጠጡን ብቻ ብናክም ይመለሳል። ቀጠሮው ቢያልፍበትም፣ ጠጥቶም ቢሆን ይዘውት ይምጡ።