ቲቪዬ ፊደል ያደበዝዛል

ጥያቄ፦ የምተዳደረው ቤቴ ሆኜ በምሠራው የትርጉም ሥራ ነው። የላፕቶፑ ስክሪን ስለጠበበኝ ባለ 55 ኢንች 4ኬ ቲቪ ጠረጴዛዬ ላይ አቁሜ በኤችዲኤምአይ ገመድ አገናኘሁት። ፊደሎቹ ደብዘዝ ይላሉ፤ ቀዩ የእርማት ጽሑፍማ ጭራሽ አይነበብም። የስክሪኑ ዳር ተቆርጧል። ማውሱም ይጎተታል። ሞኒተር ልግዛ ወይስ ይስተካከላል?

መልስ፦ ይስተካከላል፤ ገንዘብዎን ይያዙ። ቲቪዎ ፊልም የሚያሳይ መስሎት ነው እንጂ ምንም አልሆነም።

ሴቲንግ ውስጥ ይግቡና ገመዱ የተሰካበትን የኤችዲኤምአይ መግቢያ ስም ወደ «ፒሲ» ይቀይሩት። ስም መቀየር ብቻ ይመስላል፤ ብዙ ቲቪዎች ላይ ግን ዋናው ቁልፍ እሱ ነው። ለፊልም ሲሆን እያንዳንዱ የስክሪኑ ነጥብ የራሱ ብርሃን አለው፣ ቀለሙን ግን አራት አራት ሆነው ይጋሩታል። የተዋናይ ፊት ላይ ማንም አያስተውለውም። ቀጭን ቀይ ፊደል ላይ ግን ይጨማለቃል። እርማትዎን የበላው ይኸው ነው። የምስሉን ጠርዝ የሚያጎላውን ሻርፕነስም ፊደሎቹ ዙሪያ ያለው ነጭ ጥላ እስኪጠፋ ዝቅ ያድርጉት።

የተቆረጠው ዳር የድሮዎቹ ሆዳም ቲቪዎች ውርስ ነው፤ የእነሱ ምስል ጠርዙ ከክፈፉ ጀርባ ይደበቅ ነበር። ምስሉ ሳይቆረጥ እንዲታይ የቲቪው ሴቲንግ ውስጥ «ጀስት ስካን» ወይም «ስክሪን ፊት» የሚለውን ይምረጡ።

ለማውሱ «ጌም ሞድ»ን ያብሩ፣ ጌም ባይጫወቱም። ምስል ማሳመሪያውን ስለሚቀንስ መዘግየቱም ይቀንሳል። አሁንም ከተጎተተ ኮምፒውተሩ ላይ ሪፍሬሽ ሬቱን፣ ማለትም ምስሉ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚታደስ (በኸርዝ ይለካል)፣ ይዩ። የቆየው የኤችዲኤምአይ ዓይነት፣ 1.4 የሚባለው፣ 4ኬን ከ30 ኸርዝ በላይ አያሳልፍም፤ 60 ለማግኘት 2.0 ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ገመድ ይቀይርና ይናደዳል፤ ጥፋቱ የላፕቶፑ መሰኪያ ወይም መሃል የገባው አዳፕተር ሊሆን ይችላል።

መጠኑ ላይ ግን አልዋሽዎትም፤ ለጠረጴዛ 55 በዝቷል። በአንድ ኢንች 80 ነጥብ ገደማ ብቻ ነው ያለው፤ ተጠግተው ከተቀመጡ ነጥቦቹ ይታያሉ፣ አንገትዎም ያማል። እኔ የምሠራበት 43 ኢንች ነው፤ በአንድ ኢንች 102 ነጥብ ግድም ይደርሳል። እሱም ቢሆን የላይኛው ጥግ ብዙ ጊዜ ባዶውን ይውላል። የእርስዎን ከጠረጴዛው ጀርባ ግድግዳው ላይ ይስቀሉት፣ ዝቅ አድርገው። ከዚያ የጽሑፉን መጠን ወደ 150 በመቶ ያሳድጉ። የሚተረጉሙትን ከታች መሃል፣ መዝገበ ቃላቱን ዳር ላይ ይክፈቱ።

ቲቪዎ ኦሌድ (ነጥቦቹ ራሳቸው የሚያበሩበት ዓይነት) ከሆነ የኮምፒውተሩ ታስክባር ሁልጊዜ እንዳይታይ ያድርጉ፤ ሳይንቀሳቀስ የሚውል ምስል እዚያው ታትሞ ሊቀር ይችላል። ሪሞቱንም አያርቁት፤ ኮምፒውተሩ ቢተኛም ብዙ ቲቪ ወዲያው በራሱ አይጠፋም።