ከምድጃው ዳር፦ ዳቦው ጠቆረ፣ ቺዙ ግን አልቀለጠም

ስለ እንቁላል ጥብስ ከጻፍኩ ወዲህ ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ግማሽ ያህሉ የሚጠይቁኝ ስለ አንድ ነገር ነው፤ ሃም (በጨው የተዘጋጀ የአሳማ ሥጋ)፣ እንቁላልና ቺዝ ስላለው ጥብስ ሳንዱች። አልገረመኝም። 11 ዓመት በሆቴል ወጥ ቤት የቁርስ ተረኛ ሆኜ ስሠራ እንደዚህ ሳንዱች ያዋረደኝ ምግብ የለም። ሲያዩት ቀላል ነው፤ ችግሩም እሱ ነው። እስቲ ደብዳቤዎቹን ልክፈት።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ሳንዱቹን ስጠብስ ዳቦው ከውጭ ይጠቁራል፤ ስቆርጠው ግን ቺዙ እንደ ገባ፣ እንደ ቀዘቀዘ አገኘዋለሁ። መጥበሻዬ መጥፎ ሆኖ ይሆን? (አዲስ መጥበሻ ልትገዛ ያሰበች)

መልስ፦ ገንዘብሽን አስቀምጪ፣ እሳቱን ቀንሺ። ዳቦ ውስጡ በአየር ቀዳዳ የተሞላ ስለሆነ ሙቀት ቶሎ አያሳልፍም፤ ቺዝሽን ብርድ ልብስ አልብሰሽ ነው መጥበሻ ላይ ያስቀመጥሽው። የዳቦው ላይኛ ገጽ ደህና አድርጎ መቅላት የሚጀምረው 140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ነው። አብዛኛው ቺዝ ግን ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይለሰልስና ይቀልጣል። ስለዚህ ቺዙ የጎደለው እሳት አይደለም፣ ጊዜ ነው። እሳቱን ባበዛሽ ቁጥር ዳቦው ቀድሞ ይጨርሳል።

እኔ ቺዙን ሌላውን ሳሰናዳ ከፍሪጅ አወጣዋለሁ፤ ቅዝቃዜው ይሰበርለታል። መጥበሻውን ከመካከለኛ ዝቅ ባለ እሳት አሙቄ ሳንዱቹን አስቀምጥና ክዳን እደፋበታለሁ፤ 2 ደቂቃ። ከዚያ ክዳኑን አንስቼ ሌላ 2 ደቂቃ እተወዋለሁ። ክዳኑን ካላነሳሽው የታፈነው እንፋሎት ዳቦውን ያልፈሰፍሰዋል። ገልብጬ ሁለተኛውን ጎን ያለ ክዳን 3 ደቂቃ ያህል። በመገልበጫው አትጫኚው! ሳንዱች ልብስ አይደለም፣ አይተኮስም። ጆሮሽን ደግሞ ስጪው፦ ቅቤው መንሾካሾክ አለበት እንጂ መጮህ የለበትም።

ይህን የተማርኩት በመጽሐፍ አይደለም። አንድ ጠዋት እንግዳው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወርዶ ትእዛዝ ሲቆለልብኝ እሳቱን እስከ መጨረሻ ከፍቼ 12 ሳንዱች በአንድ ትንፋሽ አወጣሁ። 9ኙ ተመልሰው መጡ። ዋናው ሼፍ አልተቆጣኝም፤ አንዱን ከፈተና ቺዙን በሁለት ጣቱ ሙሉውን መዝዞ፣ ማዕዘኑ እንኳ ሳይጎድል፣ መክተፊያዬ ላይ አስቀመጠልኝ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ጥያቄ፦ እንቁላሉን አስኳሉ ሳይጠነክር ሳስገባው ስነክሰው ሸሚዜ ላይ ይፈሳል። በደንብ ሳበስለው ደግሞ እንደ ጎማ ይሆናል፣ የታችኛው ዳቦም ይረሰርሳል። ምን ይሻለኛል? (ሁለት ሸሚዝ ያበላሸ)

መልስ፦ አስኳሉን ሙሉ እንዳለ ማስገባት ለሳህን እንጂ ለእጅ አይሆንም። ምታው። ለአንድ ሳንዱች አንድ ትልቅ እንቁላል ከቁንጥር ጨው ጋር ነጩና አስኳሉ አንድ እስኪሆን ምታና ቅቤ በነካው መጥበሻ ላይ ስስ አድርገህ አፍስሰው። ወተት አትጨምር፤ ውኃ ነው የምትጨምረው፣ እኛ ደግሞ የምንሸሸው ውኃን ነው። ላዩ ትንሽ እያብረቀረቀ ሳለ አራቱን ጎን እንደ ፖስታ ወደ ውስጥ እጠፈው፣ የዳቦውን ልክ እንዲይዝ። የቀረውን የራሱ ሙቀት ያበስለዋል፣ ሳንዱቹ ሲጠበስም ይጨመርበታል።

ለምን ጎማ እንደሚሆን ልንገርህ። ነጩ 62 ዲግሪ አካባቢ መርጋት ይጀምራል፣ አስኳሉ ከ65 እስከ 70 ባለው ውስጥ ይጠነክራል። ከዚያ በላይ ብዙ ሲቆይ ፕሮቲኑ ይጨማደድና በውስጡ የያዘውን ውኃ ይጨምቀዋል። ዳቦህን ያረሰረሰው ያ ውኃ ነው። ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡርና ለአዛውንት ስትሠራ ግን ማብረቅረቁ እስኪጠፋ ጠብቅ፤ 71 ዲግሪ የደረሰ እንቁላል አያሰጋም።

ሁለተኛው የውኃ ምንጭ ሃሙ ነው። ብዙው የታሸገ ሃም ሲዘጋጅ የጨው ውኃ ተወግቶበታል፤ ከጥቅሉ ስታወጣው እጅህን የሚያረጥበው እሱ ነው። በወረቀት ፎጣ አድርቀውና ቅቤም ዘይትም በሌለበት መጥበሻ ላይ በየጎኑ 30 ሰከንድ አሳየው። ጠርዙ ትንሽ ሲቀላ ጣዕሙም ይለወጣል፤ እኔ ለብቻው እየቆረስኩ ስበላው ሳንዱቹ የሚጎድልበት ጊዜ አለ።

ከዚያ አደራደሩ፦ ዳቦ፣ ቺዝ፣ ሃም፣ እንቁላል፣ ቺዝ፣ ዳቦ። ቺዙ ከላይም ከታችም ዳቦውን ይነካል። ሲቀልጥ ሁሉንም አጣብቆ ይይዝልሃል፣ ለዳቦውም የዝናብ ልብስ ይሆነዋል። እንቁላሉን ትኩስ እንደ ሆነ አትክደነው፤ አንድ ደቂቃ እንፋሎቱን ይተንፍስ። ዳቦው የአንድ ቀን ዕድሜ ያለው፣ ውፍረቱም ከ1 እስከ 1.5 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ደግ ነው። ቲማቲም ካላስገባሁ ለምትሉ፦ ከጎን ብሉት።

ጥያቄ፦ ሞዛሬላ ሳደርግ ውኃ ይወጣዋል፣ ብዙ የቆየ ቺዝ ሳደርግ ዘይት። በየአንዳንዱ የሚጠቀለለውን ስስ ቺዝ ደግሞ ባለቤቴ «ፕላስቲክ ነው» ብላ ቤት አታስገባም። (መሐል የቆመ አባወራ)

መልስ፦ ባለቤትዎ በጣዕሙ ሊከራከሩ ይችላሉ፤ ፕላስቲኩ ግን መጠቅለያው ብቻ ነው። ያ ቺዝ እውነተኛ ቺዝ ቀልጦ እንደ ሶዲየም ሲትሬት ያለ ጨው ተጨምሮበት የተሠራ ነው። ጨው ስንል የገበታው አይደለም፤ ሥራው ስቡና ፕሮቲኑ ሲሞቁ እንዳይለያዩ ማስማማት ነው። ለዚህ ነው እንደ ወጥ መረቅ ተስማምቶ የሚቀልጠው። ብዙ የቆየ ቺዝ ማስማሚያው ደክሟል፤ ሲሞቅ ስቡ ጥሎት ይወጣል። ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ የሚሸጠው ትኩስ ሞዛሬላ ለሰላጣ ይሁን፤ ለሳንዱች ደረቁን ይግዙ። በሎሚ ጭማቂ ወይም በኮምጣጤ የረጋ አይብ ደግሞ ቢውል ቢያድር አይቀልጥም፤ ይደርቃል እንጂ።

እኔ የምመርጠው ብዙ ያልቆየ ቼዳር፣ ጉዳ ወይም ግሩየር ነው። በቤትዎ ሰላም እንዲወርድ ከታች አንድ ስስ ቺዝ፣ ከላይ እፍኝ የተፈቀፈቀ ቼዳር ያድርጉ፤ አንዱ ልስላሴውን፣ ሌላው ጣዕሙን ያመጣል። ራስዎ ይፈቅፍቁት። በከረጢት ተፈቅፍቆ የሚሸጠው እንዳይጣበቅ ስታርች ስለሚነሰነስበት አቀላለጡ ሻካራ ነው።

ጥያቄ፦ ከውጭ የሚቀባው ቅቤ ነው ማዮኔዝ?

መልስ፦ ዳቦው ላይ እስከ ቀባችሁት ድረስ (መጥበሻው ላይ አይደለም) ሁለቱም ይሆናሉ። ማዮኔዝ ከፍሪጅ እንደ ወጣ ይቀባል፣ ዳቦ አይቦጭቅም፣ እኩል ያቀላል። ቅቤ 80 በመቶ ያህሉ ስብ ነው፤ ከቀረው አብዛኛው ውኃ ሲሆን ጥቂት የወተት ቅሪት አለበት። ቶሎ የሚያርረው ያ ቅሪት ነው፣ የሚጣፍጠውም እሱ ነው። እኔ ማዮኔዝ እቀባና በመጨረሻው ደቂቃ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቅቤ ጠርዙ ሥር እጥላለሁ።

ጥያቄ፦ የአሳማ ሥጋ አንበላም። በምን እንተካው?

መልስ፦ በተጨሰ የቱርክ ዶሮ ወይም የበሬ ሥጋ ስስ ቁራጭ። ስባቸው አነስተኛ ስለሆነ ለብቻ ሲጠበሱ ቶሎ ይደርቃሉ፤ 10 ሰከንድ ይበቃል። ትንሽ ሰናፍጭ ቀቡበት።

ጥያቄ፦ ከንጋቱ 11 ሰዓት ከቤት እወጣለሁ። ቀድሜ ሠርቼ ማስቀመጥ እችላለሁ? (የማለዳ ተረኛ)

መልስ፦ እኔም በዚያ ሰዓት ስወጣ ኖሬአለሁ፣ ይገባኛል። ይቻላል፤ እንቁላሉ ግን የተመታ ይሁን። የበሰለ የእንቁላል ነጭ ለብቻው ሲቀዘቅዝና ሲፈታ ጎማም ውኃም ይሆናል። ሁሉም ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ ሳትጠብሺው ደርድሪና እያንዳንዱን በወረቀት፣ ከዚያ በፎይል ጠቅልለሽ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጪ። ሊቀዘቅዝ ብለሽ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ እንዳታቆዪው። ማታ አንዱን ወደ ፍሪጅ አውርጂ፤ ጠዋት መጥበሻ ላይ በክዳን ይሞቃል። በማይክሮዌቭ አትሞክሪው፤ ዳቦውን ጨርቅ ያደርገዋል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ «እንቁላሉ ከላይ ነው የሚቀመጠው፣ ፈረንሳዮቹ እንዲህ ነው የሚሠሩት» ብሎ ወጥ ቤቴን ያዘብኝ። እውነቱን ነው?

መልስ፦ እውነቱን ነው፣ በግማሽ። ሃምና ቺዝ ብቻ ያለውን ክሮክ ሙስዮ ይሉታል፤ ከላዩ የተጠበሰ እንቁላል ሲቀመጥበት ክሮክ ማዳም ይሆናል። እሱ ግን በሹካና በቢላ ነው የሚበላው፤ ብዙ ጊዜም ከዱቄት፣ ከቅቤና ከወተት የሚሠራ ነጭ ስጎ ይደረግበታል። እንግዲህ ስጎውንም እሱ ይሥራው፣ ድስቱንም እሱ ይጠበው።