የአንባቢያን ጥያቄ፦ የወታደር መቃብር የት ይፈለጋል? ድንጋዩስ እንዴት ይያዛል?

ሰሞኑን ከሐዋሳ የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ በጦር ሜዳ የወደቁ ወይም ዘምተው የተመለሱ ሰዎችን መቃብር የሚመለከቱ ናቸው። አንዱ መቃብሩን ይፈልጋል፤ ሌላው ያለውን እንዳይፈርስበት ይጨነቃል። ተቀራራቢ የሆኑትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርገን መልሰናል። «እ.ኤ.አ.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ አያቴ ወደ ኮሪያ የዘመተው የኢትዮጵያ ጦር፣ የቃኘው ሻለቃ ዘማች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1953 ኮሪያ ላይ ወድቀው እዚያው ቡሳን እንደተቀበሩ ሲነገረኝ ነው ያደግሁት። ልጄ ዘንድሮ ለትምህርት ወደዚያ ትሄዳለች። መቃብራቸውን ለማግኘት ምን ይዛ ትሂድ? የሞቱበትን ዘመንስ በእኛ ስንት ብለን እንጻፍ? (ከታቦር ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ ልጅዎ ቡሳን ላይ መቃብራቸውን አታገኝም፤ ስማቸውን ግን ታገኛለች። የተነገረዎት ግማሹ እውነት ነው። ቡሳን ያለው የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር መጋቢት 1943 ተዘጋጅቶ በጦርነቱ ዓመታት ወደ 11,000 የሚጠጉ ወታደሮች ዐርፈውበት ነበር። ኢትዮጵያውያኑም መጀመሪያ የተቀበሩት እዚያ ነው። ኋላ ግን ቤልጂየም፣ ኮሎምቢያ፣ ግሪክ፣ ፊሊፒንስና ታይላንድ ልጆቻቸውን ወደየአገራቸው ሲወስዱ ኢትዮጵያም የራሷን አንድ ሳታስቀር አምጥታለች። ዐፅማቸው ያረፈው አዲስ አበባ፣ በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ቅጥር ግቢ ነው። አሁን ቡሳን የቀሩት ከ2,300 በላይ ሲሆኑ አብዛኞቹ የእንግሊዝ፣ የቱርክ፣ የካናዳና የአውስትራሊያ ወታደሮች ናቸው። ስለዚህ በየድንጋዩ እየዞረች ስም ስትፈልግ እንዳትውል አስቀድመው ይንገሯት።

የምትሄደው እ.ኤ.አ. በ2006 ወደቆመው የመታሰቢያ ግድግዳ ነው። ከ40,000 በላይ ስሞች በየአገሩ ተለይተው በላቲን ፊደል ተቀርጸውበታል፤ አስከሬናቸው ወደ አገር የተመለሰላቸውም አሉበት። ችግር የሚመጣው ከአጻጻፉ ነው። የዚያን ጊዜ ጸሐፊዎች የእኛን ስም እንደሰሙት ነው የጻፉት። «ገብረ»፣ «ወልደ»፣ «ኃይለ» ብለው የሚጀምሩ ስሞች አንዳንዴ ከተከታዩ ጋር ተጋጥመው፣ አንዳንዴ ተለያይተው ይገኛሉ። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ተቆጥሮ ፊት ሊቀድምም ይችላል። ልጅዎ የአያትዎን ስም ቢያንስ በአራት ዓይነት አጻጻፍ በወረቀት ላይ ይዛ ትሂድ፤ በራሳቸው ስምም በአባታቸው ስምም ትፈልግ።

ከጉዞው በፊት ግን ቤት ውስጥ ያለው ይፈተሽ። የሚፈለጉት የወታደር ቁጥር፣ ማዕረግ፣ የሻምበሉ ስም እና ስንተኛው ቃኘው እንደነበሩ ነው። እነዚህ ብዙ ጊዜ የሚገኙት ከፎቶግራፍ ጀርባ፣ ከደብዳቤ ፖስታ እና ከሜዳይ ምስክር ወረቀት ላይ ነው። ፎቶውን ከፍሬሙ አውጥታችሁ ጀርባውን ሳታዩ የለም አትበሉ። ከዚያ አዲስ አበባ ያለውን የኮሪያ ዘማቾች ማኅበር መጠየቅ ይቻላል። ማመሳከሪያ እንዲሆናችሁ፦ የመጀመሪያው ቃኘው በሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ መሪነት ሚያዝያ 1943 ከአገር ወጣ፤ ሁለተኛውን ሌተና ኮሎኔል አስፋው አንዳርጌ፣ ሦስተኛውን ሌተና ኮሎኔል ወልደ ዮሐንስ ሽታ መሩ። ሁሉም በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ከ32ኛው ሬጅመንት ጋር ነው የተሰለፉት። ይህንን ማወቅ የአሜሪካን መዛግብት ለሚያገላብጥ ሰው ትልቅ መንገድ ያሳጥራል።

ዘመኑን በተመለከተ የእርስዎ ቀላል ነው። ተኩስ የቆመው ሐምሌ 20 ቀን 1945 ነው፤ ስለዚህ እ.ኤ.አ. 1953 ላይ በውጊያ የወደቀ ሰው የሞተው ያለ ጥርጥር በ1945 ነው። ስሕተት የሚበዛው እ.ኤ.አ. 1951 እና 1952 ላይ ነው። ከጥር መባቻቸው እስከ ዕንቁጣጣሻችን ዋዜማ (እ.ኤ.አ. በ1951 መስከረም 11፣ በ1952 መስከረም 10) ድረስ 8 ዓመት ይቀነሳል፤ ከእኛ ዕንቁጣጣሽ እስከ ታኅሣሣቸው መጨረሻ 7። በግንቦት 1951 እ.ኤ.አ. የወደቀ በ1943 ሞተ ማለት ነው፤ በኅዳር 1951 እ.ኤ.አ. የወደቀ ግን በ1944። ሰባትን በጅምላ የቀነሰ ቤተሰብ ድንጋይ ላይ የማይታረም ስሕተት ይቀርጻል፤ እንዲህ ያለው በብዙ ሐውልቶች ላይ ይታያል።

ጥያቄ፦ ቡሳን ላይ በየዓመቱ የሚደረገውን የመታሰቢያ ጸሎት እዚህ ሆነን በሰዓቱ ማሰብ እንፈልጋለን። መቼ ነው? (ከሐይቅ ዳር)

መልስ፦ እ.ኤ.አ. ኅዳር 11፣ በኮሪያ ሰዓት ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ነው። ኮሪያ ከእኛ 6 ሰዓት ስለምትቀድም በሐዋሳ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይሆናል። ቀኑ በእኛ ኅዳር 2 ነው፤ ጳጉሜ 6 ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ብቻ ኅዳር 1 ላይ ይውላል። ለአንድ ደቂቃ በዝምታ ወደ ቡሳን አቅጣጫ ይቆማል። ከሐዋሳ አቅጣጫው ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነው።

ጥያቄ፦ በ1933 ቁሊቶ አጠገብ ስለሞተ የእንግሊዝ ጦር ጀግና ሰምተናል። መቃብሩ የት ነው? በዚያው ዘመን የወደቁ አርበኞቻችንን ስም በእንግሊዞቹ የመቃብር መዝገብ ለማግኘት ሞክረን አጣን። (ከመናኸሪያ ክፍለ ከተማ፣ የታሪክ መምህራን)

መልስ፦ ሰውየው ሳጅን ናይጄል ሊኪ ነው፤ የኪንግስ አፍሪካን ራይፍልስ (የእንግሊዝ የምሥራቅ አፍሪካ ቅኝ ግዛት ጦር) አባል፣ የኬንያ ተወላጅ። ግንቦት 11 ቀን 1933 ጦሩ ብላቴ ወንዝ ማዶ እግሩን ተክሎ ሳለ የጣሊያን ታንኮች መልሰው አጠቁ። ሊኪ በእሳት መካከል አንዱ ታንክ ላይ ዘሎ ወጥቶ ክዳኑን ከፈተና በሽጉጥ ያዘው፤ ሌሎቹን ሲያሳድድ ወደቀ። የእንግሊዝ ከፍተኛው የጀግንነት ሜዳይ፣ የቪክቶሪያ መስቀል፣ የተሰጠው ከሞተ ከአራት ዓመት በኋላ ነው። መቃብሩ አይታወቅም። ስሙ ያለው ናይሮቢ የጦር መካነ መቃብር ውስጥ በምሥራቅ አፍሪካ መታሰቢያ ላይ ነው። ተማሪዎቻችሁን ከሻሸመኔ ወደ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ወደ ብላቴ ብትወስዷቸው የሚታየው የውጊያው ቦታ እንጂ መቃብር እንዳልሆነ ቀድማችሁ ንገሯቸው። መዝገቡን ስታዩ ደግሞ ቦታውን «ኮሊቶ» ብላችሁ ፈልጉ።

አርበኞቹን ያጣችኋቸው መዝገቡ ስለጎደለ አይደለም። መዝገቡን የሚይዘው የኮመንዌልዝ (የእንግሊዝና በሥሯ የነበሩ አገሮች) የጦር መቃብሮች ኮሚሽን የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1917 ሲሆን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኩል የሚመዘግበው ከነሐሴ 28 ቀን 1931 እስከ ታኅሣሥ 21 ቀን 1940 ድረስ የሞቱ የኮመንዌልዝ ጦር አባላትን ብቻ ነው። አዲስ አበባ ያለውን የጦር መካነ መቃብር፣ ከረን ያለውንም የሚጠብቀው በዚሁ ደንብ ነው። ከረን ላይ ውጊያው መጋቢት 18 ቀን 1933 ሲያበቃ የወደቁት የሕንድ ወታደሮች ብዙ ነበሩ፤ አስከሬናቸው በእምነታቸው ሥርዓት የተቃጠለው የሂንዱና የሲክ ወታደሮች ስም በተለየ መታሰቢያ ላይ ሰፍሯል። የአርበኛ ስም የሚፈለገው ከቤተ ክርስቲያን መዝገብ፣ ከአርበኞች ማኅበር እና ከወመዘክር (ከብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት) ነው። ይህ ከባድ ሥራ ነው፤ የሚያውቁ ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ስም ከነአያት፣ የወደቁበት ቦታና ዓመት በጽሑፍ ካልተያዘ የሚተካው ነገር የለም። ለተማሪዎች ከዚህ የተሻለ የቤት ሥራ አናውቅም።

የኮሚሽኑን መዝገብ ስታነቡ በስም ትይዩ የምታገኟቸው ቁጥሮች ክፍል፣ ረድፍ እና የመቃብር ተራ ናቸው፤ በዚሁ ቅደም ተከተል። «4፣ ሐ፣ 12» ቢል አራተኛው ክፍል፣ ሐ ረድፍ፣ 12ኛው መቃብር ማለት ነው።

ጥያቄ፦ የዘማች አባታችን ሐውልት እብነ በረድ ነው። ጠቁሮና አረንጓዴ ለብሶ ስላየነው በበረኪናና በሽቦ ብሩሽ አጠብነው፤ ለጊዜው ነጣ፣ አሁን ግን ሲነኩት እንደ ስኳር ይረግፋል። ምን እናድርግ? ሌላውን የወንድሙን መቃብር ደግሞ በአዲስ ድንጋይ ልንሠራ ነው። (ከሐዌላ ቱላ)

መልስ፦ መጀመሪያ እጃችሁን አንሡ። የሽቦ ብሩሽ የድንጋዩን ለስላሳ ቆዳ ይገፍፈዋል፤ ከዚያ በኋላ እርጥበትና አረንጓዴው ከበፊቱ ቶሎ ይገባል። ብሩሹ የሚተወው የብረት ብናኝም ዝጎ ቡናማ ነጥብ ያወጣል። በረኪናው ጨው ሆኖ በድንጋዩ ቀዳዳዎች ውስጥ ይቀራል፤ ሲደርቅ ጨዉ እያበጠ ፍሬ ፍሬውን ይገፋዋል። የሚረግፈው ለዚህ ነው። አሲድ ከዚህም የከፋ ነው፤ እብነ በረድን ያሟሟል። የሰድር ማጽጃ አሲድ ለግራናይት አይጎዳም የሚሏችሁ ካሉ ድንጋያችሁ ግራናይት መሆኑን አረጋግጡ፦ ከጀርባው በታች በኩል አንድ የሎሚ ጠብታ ስታደርጉ አረፋ ካወጣ እብነ በረድ ወይም የኖራ ድንጋይ ነው። ግራናይትም ቢሆን በአሲድ አይታጠብ።

አሁን ማድረግ ያለባችሁ ጨዉን ማውጣት ነው። ድንጋዩን በንጹሕ ውሃ ቀስ ብላችሁ አርሱ፣ ይድረቅ፣ ደግማችሁ አርሱ፤ በየጥቂት ቀኑ እየደጋገማችሁ። ብሩሽ አታስነኩት። በጣት ሲያንኳኩት ክፍት ድምፅ የሚሰጥ ቦታ ካለ ሊላቀቅ ነውና ውሃም በኃይል አይፈሰስበት።

ላልተጎዳ ሐውልት ትክክለኛው አጠባብ ይህ ነው። ዱቄት ሳሙና አያስፈልግም። ድንጋዩ አስቀድሞ በደንብ ይርጠብ። ለስላሳ የፕላስቲክ ወይም የጭራ ብሩሽ ይዛችሁ ከታች ወደ ላይ እሹ፤ ከላይ ከተጀመረ ቆሻሻው ደረቁ ላይ ወርዶ መስመር ይሠራል። ወፍራሙን ሽፋን በእንጨት ስንጥር አንሡት። በመጨረሻ ከላይ ወደ ታች በብዙ ውሃ አለቅልቁ። ከክረምት በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ ይበቃል። የፊደሉ ቀለም ቢለቅ የተቀረጸው ጎድጓዳ ብቻ ይቀባ፤ ድንጋዩን በሙሉ ቀለም መቀባት እርጥበቱን አፍኖ ያስልጠዋል።

ፊደሉ የጠፋ የመሰላችሁን ሐውልት ለማንበብ ጠመኔ ወይም ዱቄት አትቀቡበት። ሲመሽ የስልክ መብራት ከጎን አስጠግታችሁ ብታበሩ ጥላው ፊደሉን ያወጣዋል፤ ፎቶ አንሡት።

ወደ አዲሱ እንምጣ። ከቀብር በኋላ አንድ ሙሉ ክረምት ሳያልፍ ድንጋይ አይቁም። የሐዋሳ አፈር አብዛኛው የእሳተ ገሞራ አሸዋና አመድ ስለሆነ ውሃ ሲገባው በቶሎ ይሰምጣል። መሠረቱ የተቆፈረው የመቃብር አፈር ላይ ሳይሆን ከራስጌው በኩል ባልተነካው መሬት ላይ ይሁን፤ ከጉድጓዱ ጠርዝ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። 50 ሳንቲ ሜትር ተቆፍሮ ከታች 10 ሳንቲ ሜትር ጠጠር ይጠቅጠቅ፤ ከላዩ አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ አራት ጠጠር የሆነ አርማታ ይሞላ፤ ሰባት ቀን ውሃ ይጠጣ። ሰፈሩ ላይ የሚለመደው ስሕተት ድንጋዩን በፌሮ ማያያዝ ነው። ፌሮ ሲዝግ ያብጥና ድንጋዩን ይሰነጥቀዋል። የማይዝግ ብረት ካልተገኘ ያለ ብረት፣ የድንጋዩን ሩብ ያህል መሬት ውስጥ አስገብቶ ማቆም ይሻላል። ሲቆም በውሃ ልክ ከፊትም ከጎንም ይታይ።

ለመጠኑ የኮመንዌልዝ መቃብሮችን ልክ መነሻ ማድረግ ትችላላችሁ፦ ከመሬት በላይ 81 ሳንቲ ሜትር፣ ስፋቱ 38፣ ውፍረቱ 7.6። እዚያ ጄኔራሉም ተራ ወታደሩም አንድ ዓይነት ድንጋይ ነው ያላቸው፤ ይህ ውሳኔ ዛሬም ትክክል ይመስለናል። ከ5 ሳንቲ ሜትር የሳሳ ድንጋይ ቆሞ አይከርምም። የእኛ ፊደል ቅርንጫፉ ብዙ ስለሆነ ቁመቱ ከ2.5 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ ከ3 ሚሊ ሜትር አይነስ፤ ያለዚያ የ«ኸ» እና የ«ከ» ልዩነት በጥቂት ዓመት ይጠፋል። ስም ከነአያት፣ ማዕረግ፣ ክፍለ ጦር፣ የልደትና የሞት ቀን «ዓ.ም.» ተብሎ ይጻፍ። ጽሑፉን በእውነተኛ መጠኑ ወረቀት ላይ አውጥታችሁ ቤተሰቡ ካነበበው በኋላ ብቻ ቀራጩ መሮውን ያንሣ። ፈቃዱን ደግሞ ድንጋዩን ከመግዛታችሁ በፊት ከሰበካ ጉባኤው፣ በሙስሊም መቃብር ከሆነ ከመቃብሩ ኮሚቴ ጠይቁ፤ ቁመትና ሽፋን የሚከለክሉ አሉ።

ጥያቄ፦ መቃብሩ አጠገብ ዛፍ ብንተክልስ? (ከዚያው)

መልስ፦ ባሕር ዛፍና ግራር አይሁን፤ ሥሩ መሠረቱን ያነሣዋል። ጽድም ቢሆን ከድንጋዩ አራት ሜትር ይራቅ። አጠገቡ የሚያምረው አጭር ሣርና ጽጌረዳ ነው፤ እሱም ቢሆን ከድንጋዩ አንድ ክንድ ርቆ፣ ውሃው ወደ ሐውልቱ ሳይሆን ወደ ውጭ እንዲፈስ ተደርጎ ይተከል።