የሕፃናት ማቆያው ስንት ብር አመጣ?

በቅርቡ አንዲት ልጅ ጻፈችልኝ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ማኔጅመንት ጨርሳ እዚሁ ከተማ የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ ትሠራለች። «ጋሼ፣ አለቃዬ ለሠራተኛ ያወጣነውን ገንዘብ ትርፉን በብር አሳዪኝ አለኝ። ምን ልበለው?» ትላለች። መልሱ አጭር ነበር፤ ግን ጥያቄዋ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ።

ሂሳቡ ራሱ ቀላል ነው። ከጥቅሙ ላይ ወጪውን ትቀንሳላችሁ፣ ቀሪውን ለወጪው ታካፍላላችሁ፣ በ100 ታባዛላችሁ። 100 ሺህ ብር አውጥታችሁ 150 ሺህ ብር ጥቅም ካገኛችሁ 50 በመቶ ነው። ይሄን ስልካችሁም ይነግራችኋል። አስቸጋሪው 150 ሺህ ብሩ ከየት መጣ የሚለው ነው።

ድሮ ቡና አዘጋጅቶ ለውጭ ገበያ የሚልክ ድርጅት ውስጥ እሠራ ነበር። መጋዘን ውስጥ ቡና የሚለቅሙት ሴቶች ናቸው። ጥቁሩን፣ የተሰባበረውን፣ ነቀዝ የበሳውን እያወጡ ይጥላሉ። ከጅሬን ዳገት ወርደው በእግር የሚመጡ ነበሩ። አንዷ እኔን እያየች፣ ስለ ቤት ኪራይ እያወራችኝ፣ ጣቶቿ ብቻቸውን ጥቁሯን ፍሬ ለይተው ያወጡ ነበር። የዛሬው የሠራተኛ ሕግ ለወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል፤ እነዚህ ግን የሚከፈላቸው በኪሎ ስለሆነ ከአራስ ቤት ገና እንደወጡ ልጅ አዝለው ከተፍ ይላሉ። ልጁ ሲያለቅስ እናት ትነሳለች፣ እናት ስትነሳ አጠገቧ ያሉትም ወሬ ይጀምራሉ። አቧራውን ደግሞ አታንሱት።

አንድ የዕቃ ክፍል አስለቅቀን፣ ምንጣፍ አንጥፈን፣ ሞግዚት ቀጥረን የሕፃናት ማቆያ ከፈትን። መጋዘኑ ጸጥ አለ።

የዓመቱ መጨረሻ ስብሰባ ላይ የሞግዚት ደሞዝ፣ ወተት፣ ሳሙና፣ ሁሉም ከነደረሰኙ ቀረበ። «ጥሩ ነገር ነው፤ ግን ስንት ብር አመጣ?» ተባለ። ሴቶቹ ደስ ብሏቸዋል አልን። «ደስታ ደረሰኝ የለውም» ሲል አንዱ፣ ተሳቀ፣ ክፍሉም ተዘጋ። በሚቀጥለው ወቅት፣ ሥራው በጦፈበት ሰዓት፣ ጎበዝ ጎበዞቹ ወደ ሌላ መጋዘን ሄዱ። አዲሶቹ የለቀሙት ቡና እንደገና ይለቀም ነበር።

እስከዛሬ የሚያንገበግበኝ ቁጥሩ እዚያው ግቢ ውስጥ መኖሩ ነው። የጥራት ክፍሉ ከ300 ግራም ናሙና ውስጥ እንከን ያለበትን ፍሬ ይቆጥራል። ከ26 እስከ 45 ከሆነ ደረጃ 4፣ ከ46 እስከ 100 ከሆነ ደረጃ 5 ነው። ነጋዴው ሁሉ የሚያውቀው «ጅማ 5» ይሄ ነው። በደረጃዎቹ መሃል ያለው የዋጋ ልዩነት ወተትና ሳሙናውን ይሸፍን እንደሆነ በአንድ ከሰዓት መታየት ይችል ነበር። መዝገቡን የሚይዙት ሽማግሌ ሽቶ የተቀባ ሰው ቡና ከሚቀመስበት ክፍል ድርሽ አያስብሉም፤ የቢሮ ሰው ደግሞ ያኔ ሽቶ አያጣውም። ለነገሩ ሽቶ ባይኖርም የሚጠይቃቸው አልነበረም።

አሁን እናንተን የሰው ኃይል ልጆች ሳያችሁ፣ ኮምፒውተር ላይ ቁጥር በሥዕል በሚያሳየው ዳሽቦርድ አንደኛ ናችሁ፤ መጋዘን ግባ ሲባል ግን ጫማ ማየት ይመጣል። አሜሪካዊው ምሁር ዶናልድ ከርክፓትሪክ በ1959 እ.ኤ.አ. ስልጠና የሚመዘንባቸውን አራት ደረጃዎች ጽፏል፦ ሰልጣኙ ወደደው ወይ፣ ተማረ ወይ፣ ሥራ ላይ አዋለው ወይ፣ ድርጅቱ ምን አገኘ። ጃክ ፊሊፕስ በኋላ የብሩን ስሌት አምስተኛ አድርጎ ጨመረበት። የእናንተ ሪፖርት አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ላይ ያበቃል። ሻይና ብስኩቱ ከጣፈጠ ማን «አልወደድኩትም» ብሎ ይሞላል?

ከመጀመራችሁ በፊት ስንት ሰው እንደሚቀር፣ ስንቱ እንደሚለቅ፣ ስንት ሥራ እንደሚበላሽ ጻፉ። ከተቻለ አንዱን ፈረቃ ለጊዜው ሳትነኩት አቆዩትና አወዳድሩ፤ አለበለዚያ ቡናው ያማረበትን ዓመት ሁሉ ለስልጠናችሁ ትሰጡታላችሁ። ወጪ ላይ የአሰልጣኙን አበል ብቻ ሳይሆን ሰው ከሥራ የወጣበትንም ሰዓት ቁጠሩ፤ ይሄን የሚዘሉት ብዙ ናቸው።

ይሄን ሁሉ ብዬ ደግሞ፣ ማቆያው መከፈት የነበረበት ትርፍ ስለሚያመጣ አይመስለኝም። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ ሲያዝ መጀመሪያ ትርፉን አስሉ አላለም። ሕፃን አቧራ ውስጥ እንዳይውል ምን ስሌት ያስፈልጋል? ግን ስብሰባ ላይ እንዲህ ብትሉ ይስቁባችኋል፤ ስለዚህ አስሉ።

አስልታችሁ ስትጨርሱ በቀጥታ አለቃ ጋ አትሂዱ። መጀመሪያ የፋይናንሱን ሰው ቡና ጋብዙትና ወረቀቱን ስጡት፣ ይሰርዝ፣ ይቀንስ፣ ያርም። ስብሰባ ላይ ድንገት ከሰማው ይቃወማችኋል፤ በእጁ ያረመውን ቁጥር ግን ራሱ ይከራከርለታል።