ስለ ግልገል ጊቤ ሐይቅና ዙሪያው፦ ጥያቄና መልስ

ከጅማና ከአካባቢዋ ስለ ግልገል ጊቤ ሐይቅ፣ ስለ ዳርቻው ወረዳዎችና ስለ ታሪካቸው የተላኩ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጅማ ውስጥ «ሐይቁ» ሲባል አንዱ ቦዬን፣ ሌላው ግድቡን ያስባል። አንድ ናቸው እንዴ?

መልስ፦ አንድ አይደሉም፤ ውሃቸው ግን አንድ ነው። ቦዬ በአዲስ አበባ መውጫ፣ ከከተማው በስተምሥራቅ ያለው ረግረግ ነው፤ ከተሜው ጉማሬ ለማየት የሚሄደው እዚያ ነው። ግልገል ጊቤ ደግሞ ከጅማ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ምሥራቅ ርቆ፣ ወንዙ ተገድቦ የተፈጠረ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው። የአዌቱ ወንዝ ከተማውን ሰንጥቆ ወደ ቦዬ ይወርዳል፣ ከዚያ ግልገል ጊቤ ወንዝን ይቀላቀላል፣ ግልገል ጊቤም ሐይቁ ይገባል። አዌቱ ውስጥ የተጣለ ፌስታል በዚህ መንገድ ነው ዓሣ አጥማጁ መረብ ላይ የሚገኘው። የቦዬ ሣር ከከተማው የሚመጣውን ቆሻሻ ብዙውን ያስቀረዋል። ረግረጉን ለቤት መሥሪያ የሚደፉት ሰዎች ይህን ማጣሪያ እያጠፉት ነው፤ ይህ ሊያሳስበን ይገባል።

ጥያቄ፦ ሐይቁን የሚያዋስኑት የትኞቹ ወረዳዎች ናቸው?

መልስ፦ አራት ናቸው፦ ኦሞ ናዳ፣ ቀርሳ፣ ጢሮ አፈታና ሰኮሩ። አራቱም ጅማ ዞን ውስጥ ናቸው። ከጅማ ሲነሱ መጀመሪያ ሰርቦ (የቀርሳ ከተማ)፣ ቀጥሎ አሰንዳቦ (ኦሞ ናዳ)፣ ከዚያ ደነባና ሰኮሩ ይመጣሉ። የየም ተራራማ አገር ደግሞ ከሰኮሩ ወዲያ ነው።

ጥያቄ፦ ሐይቁ መቼ ተሠራ? ስፋቱስ?

መልስ፦ ሥራው በ1980ዎቹ ተጀምሮ ለዓመታት ቆመ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ እንደገና ቀጠለ፣ በ2004 ኃይል ማመንጨት ጀመረ። ግድቡ 40 ሜትር ከፍታና 1,700 ሜትር ርዝመት ያለው፣ በድንጋይ የተሞላ ነው። ሞልቶ ሲተኛ የውሃው ወለል ከባሕር ጠለል 1,671 ሜትር ላይ ይደርሳል፤ የሚሸፍነውም 50 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ውሃው በመሬት ውስጥ ዋሻ ወርዶ ከመሬት በታች የተሠራውን ጣቢያ ያንቀሳቅሳል፤ ጣቢያው 184 ሜጋ ዋት አለው። ሐይቁ የዋጠው መሬት እርሻና ግጦሽ ነበር። ከቦታው የተነሣው ሕዝብ ወደ 10,000 ይጠጋል፤ የሐይቁ ታሪክ ሲነገር የእነሱም ድርሻ አብሮ መነገር አለበት።

ጥያቄ፦ ጊቤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት የሚባሉት ሦስት ሐይቆች ናቸው?

መልስ፦ ሁለት ሐይቆች ናቸው። ጊቤ አንድ የሚባለው የእኛው የግልገል ጊቤ ሐይቅ ነው። ጊቤ ሁለት የራሱ ሐይቅ የለውም፤ ከጊቤ አንድ ተርባይን የወጣውን ውሃ ተቀብሎ፣ በፎፋ ተራራ ሥር በተቆፈረ 26 ኪሎ ሜትር ዋሻ ወደ ኦሞ ሸለቆ ያወርደዋል። ጉልበቱ 500 ሜትር ያህል ከሚሆነው ቁልቁለት ነው፤ 420 ሜጋ ዋት ያመነጫል። በጥር 2010 ተመረቀ፣ ብዙም ሳይቆይ የዋሻው አንድ ክፍል ተደረመሰ፣ ተጠግኖ ሥራ የጀመረው በዚያው ዓመት መጨረሻ ነው። ጊቤ ሦስት ግን ራሱ ኦሞ ላይ ነው፤ 1,870 ሜጋ ዋት፣ በ2016 የተመረቀ። ከእኛ ሐይቅ ጋር በስም ነው የሚመሳሰለው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በድሮ መጻሕፍት ላይ ነጋዴዎች አሰንዳቦ ገበያ ይወጡ ነበር ይላል። የእኛው አሰንዳቦ ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ዝነኛ የነበረው አሰንዳቦ ጉድሩ ውስጥ፣ ከዓባይ በስተደቡብ ያለ ገበያ ነው። ከጎጃም የሚመጣ ነጋዴ ዓባይን ተሻግሮ ያርፍበት ነበር። በእኛ በኩል ትልቁ ገበያ የሐሙሱ ሂርማታ ነበር፤ የዛሬዋ ጅማ የተተከለችው በእሱ ላይ ነው።

ሐይቁ ያረፈበት አገር በአባ ጅፋር መንግሥት ምሥራቃዊ ክፍል ነበር። ጅማ ከአምስቱ የጊቤ መንግሥታት አንዷ ናት፤ ሌሎቹ ሊሙ እናርያ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ ናቸው። ወሰናቸው በጉድጓድና በአጥር ይታጠር ነበር፤ መግቢያው «ኬላ» ይባላል፤ ነጋዴ ቀረጥ የሚከፍለው እዚያ ነው። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 ገዙ። ለምኒልክ ገብረው ስለነበር አገራቸው ከዘመቻ ተርፎ ገበያው እንደ ደራ ቆየ። እሳቸው በሞቱበት ዓመት ግን የጅማ ራስ ገዝነት አበቃ። ቤተ መንግሥታቸው ጅሬን ላይ ዛሬም አለ።

ጥያቄ፦ እርሻዬ ከሐይቁ በላይ ተዳፋት ላይ ነው። ሐምሌ ላይ ውሃው ለምን ይቀላል? እኔስ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስለጠየቁ አመሰግናለሁ፤ የሐይቁ ዕድሜ የሚወሰነው በዚህ ነው። የጤፍ ማሳ አራት አምስት ጊዜ ታርሶ ደቆ፣ ዘሩ ሐምሌ ላይ ይዘራል። ዝናቡ የሚበረታውም ያኔ ነው። አፈሩ ልብስ ሳይለብስ ይመታል፣ ቀዩ አፈር ታጥቦ ወንዝ ይገባል። በአንድ የሃይላንድ ጠርሙስ ሐምሌ ላይ ከወንዙ ቅዱና ማታ አሳድሩት። ጠዋት ታች አሸዋና ደለል ተኝቶ ታገኛላችሁ፤ ከላይ ያለው ግን እንደ ሻይ ቀልቶ ይቆያል። የታችኛውን ማሳ ላይ ማስቀረት ይቻላል። የላይኛው ሸክላ ነው፤ አንዴ ከተነሣ ማንም አይዘውም፤ መድኃኒቱ ከመጀመሪያው እንዳይነሣ ማድረግ ነው።

ለዚህ የሚበጀው ቬቲቨር ሣር ነው፤ አገራችን የገባውም በ1970ዎቹ መጀመሪያ በዚሁ በጅማ የቡና ምርምር በኩል ነው። አተካከሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ «ኤ» ቅርጽ ሥሩ፦ ሁለት ሜትር የሚሆኑ ሁለት እንጨቶች ከላይ ታስረው፣ መሐል ላይ አግዳሚ፣ ከጫፉ ደግሞ ድንጋይ የታሰረበት ክር። መሬት ላይ አቁሙት፣ ክሩ አግዳሚው ላይ ያረፈበትን ምልክት አድርጉ። ከዚያ እግሮቹን በዚያው በረገጡበት ቦታ ላይ አቀያይሩና እንደገና ምልክት አድርጉ። የሁለቱ ምልክቶች እኩሌታ ልኩ ነው፤ ክሩ እዚያ ካረፈ ሁለቱ እግሮች እኩል ከፍታ ላይ ናቸው። በዚህ እየተራመዳችሁ በየእርምጃው ችካል ትከሉ፤ የችካሉ መስመር የተዳፋቱን ልክ ይከተላል።

ችግኙን ከጉቶው ሁለት ሦስት ቀንበጥ አድርጋችሁ ገንጥሉ፣ ቅጠሉን 20 ሴንቲ ሜትር ላይ ቁረጡ፣ ሥሩን አሳጥሩ። ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ በአንድ ረድፍ ትከሉ፤ ጊዜው ዝናቡ ሲደላደል፣ ሰኔ መጨረሻ ነው። በረድፎች መካከል ቁልቁል የአንድ ሜትር ከፍታ ልዩነት ይኑር፤ መቶ ሜትር ሲወርዱ አሥር ሜትር ዝቅ በሚል ተዳፋት ይህ የአሥር ሜትር ርቀት ይሆናል። ሳይይዝ የሚቀርባቸው ምክንያቶች ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ ሰው በማሳ ወሰን ላይ ይተክላል እንጂ በልኩ መስመር አይተክልም፤ ያኔ ውሃው ረድፉን ተከትሎ ይፈሳል፣ ጥፋቱም ይብሳል። ሁለተኛ፣ የደረቀ ችግኝ በዚያው ክረምት አይተካም፤ አንዲት ክፍተት ውሃ ሁሉ የሚገባባት በር ትሆናለች። ሦስተኛ፣ በመጀመሪያው ዓመት ከብት ይለቀቅበታል። ካደገ በኋላ ሣሩን ማጨድ ግን ይጠቅመዋል፣ ለጣሪያም ይሆናል።

ጥያቄ፦ ሐይቁ ሲሸሽ የሚወጣው መሬት ላይ መዝራት ይቻላል?

መልስ፦ የጣና ሰዎች «ባሕር ሸሽ» የሚሉት እርሻ ነው። ደለሉ ለም ነው፤ አደጋው ግን የሐይቁ ከፍታ የሚታዘዘው ለዝናቡ ብቻ ሳይሆን ለተርባይኑም መሆኑ ነው። በአጭር ጊዜ የሚደርስ ሰብል ካልሆነ ውሃው ሲመለስ ይበላዋል። ከላይ የደረቀ መስሎ ውስጡ ጭቃ ስለሆነ ከብት ይሰምጣል፣ ጉማሬም ሌሊት ሰብሉን ይግጣል።

ጥያቄ፦ ወባ ከግድቡ ወዲህ ባሰ የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዳርቻው ላይ ያሉ ልጆች ራቅ ብለው ከሚኖሩት ይልቅ በወባ እንደሚያዙ አሳይተዋል። ትንኟ የምትራባው ማዕበል ባለበት መሐል ውሃ ላይ አይደለም፤ ውሃው ሲሸሽ በሚቀሩት ኩሬዎችና በከብት ኮቴ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ከብት ውሃ የሚጠጣበትን አንድ ቦታ ለይቶ ድንጋይ ማንጠፍ የኮቴውን ጉድጓድ ይቀንሳል። አጎበር ግዴታ ነው፣ ግን ብቻውን አይበቃም፤ የዚህ አገር ትንኝ ውጭም ሳለን፣ ገና ሳንተኛ ትነክሳለች፣ ለአንዳንድ መድኃኒትም ተላምዳለች። በጣም የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ ትኩሳት በጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ጣቢያ ሄዶ መመርመር።

ጥያቄ፦ ልጆች ይዋኙበት?

መልስ፦ አይዋኙ። ጉማሬ አለ፣ ጭቃው ጥልቅ ነው፣ ብልሃርዚያም በጅማ አካባቢ ውሃዎች የሚታወቅ በሽታ ነው።

ጥያቄ፦ ዓሣው የሚጥመው የቱ ነው? ጅማ ድረስ ሳይበላሽ እንዴት ይደርሳል?

መልስ፦ ቆሮሶ ብዙ ሰው ይወዳል፣ አጥንቱ ትልቅ ስለሆነ ለማውጣት ይቀላል። ነጭ አሳ ቀጫጭን አጥንት ስላለው ተከትፎ ወይም በደንብ ተጠብሶ ነው። ከውሃ እንደ ወጣ ሆዱ ይጽዳ፣ በረዶ ከሌለ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ጥላ ውስጥ ይጫን፤ ፌስታል ውስጥ ከታፈነ በአንድ ሰዓት ይጠነባል። ስትገዙ ጉንጩን ከፍታችሁ እዩ፦ ስንጥቡ ደም የመሰለ ቀይ ከሆነ የዛሬ ነው፣ ከጠቆረ ወይም ዓይኑ ከሰመጠ የትናንት ነው። ከመዳፍ የማይበልጥ ዓሣ ግን አትግዙ፤ ያልወለደ ነው፣ ገዢ ካላገኘ ጠባብ መረብ የሚጥል አይኖርም።